ከሚሴ አሚን ያለች ቀን

አያ አብዱልጀሊልን የማያውቅ የከሚሴ ሰው ቢኖር ከብት ገዝቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ሥራቸው ገመድ መግመድና መሸጥ ነው። በእኛ አገር ከብት ሻጭ ከብቱን ያስረክባል እንጂ ገመዱን አይሰጥም፤ ፈትቶ በትከሻው ጣል አድርጎ ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ በሬ የገዛም ላም የገዛም ከገበያው ሳይወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ገመድ ነው። አያ አብዱልጀሊል የሚቆሙት ለዚህ ሰው ነው። ሰንበቴም ይሁን ባቲ፣ ሐርቡም ይሁን ጨፋ ሮቢት፣ በገበያው መውጫ ላይ የቃጫ ገመዳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ።

ገመዱን አቀብለው ብቻ አይለቁም። በከብቱ አንገት ላይ ራሳቸው ያስሩታል። ካሰሩ በኋላ መዳፋቸውን ይዘረጉና፣ ያ ረቢ እግሯን እግረ መልካም አድርገው፣ ከሌባም ከበሽታም ጠብቃት፣ ወተቷን ለልጅ አድርገው ብለው ይለምናሉ። ገዢውም፣ ሻጩም፣ ደላላውም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ከደጋ የወረደው ክርስቲያን ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ አሚን ይላል፤ ከቆላ የመጣው አፋርም ዱላውን በብብቱ ይዞ አሚን ይላል። አብዱልጀሊል ያሰሩት ከብት አይጠፋም የሚል ወሬ ካለ ቆይቷል። እሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። የሚጠብቀው አላህ ነው፣ የእኔ ገመድማ ይበጠሳል ይላሉ።

የተወለዱት ጨፋ ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ገመድ መግመድን ያስተማራቸው አጎታቸው ነበር፤ ዱዓውንም ከእሱው ነው የተማሩት። ፊደል አልቆጠሩም። ቢሆንም መንገደኛ ሲሸኝ፣ ሙሽራ ሲወጣ፣ ሰው ሲታመም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ለመስማት ጆሮውን ያቀርባል፤ ጆሮውን ሲያቀርብም ልቡ አብሮ ይቀርባል።

ይህን ለሩቅ አንባቢ ልንገር፦ እኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ መዳፉን ሲዘረጋ ያየ ሰው ማን ነው፣ ለምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሸክም የያዘ ሸክሙን ያወርዳል። መንገድ የሚሻገር ይቆማል። ልጆች ይህን የሚለምዱት በእናታቸው ጀርባ ላይ ሳሉ ነው።

ዘንድሮ አገር አቀፉ የባህል ካርኒቫል በከተማችን እንዲያልፍ ተወሰነ። ከየክልሉ የሚመጡ ጭፈራዎች በመኪናና በእግር ሆነው ከከተማው መግቢያ እስከ መውጫው በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ ይሰለፋሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰሞን ሁሉ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ በየሠፈሩ እየዞረች ትመክረን ጀመር። እንግዳ አትግፉ፣ መኪና ላይ አትንጠልጠሉ፣ ሴት ልጅ አትጎንትሉ፣ የውኃ ፕላስቲክ አትወርውሩ ትላለች። ብዙ ሰው ከፋው። አንዲት አተላ ልትደፋ የወጣች ጎረቤቴ ባጃጇን አስቁማ፣ "አንተ ልጅ፣ ወሎ እንግዳ መቀበል በባጃጅ ነው የተማረው?" አለችው። ሾፌሩ የተሰጠውን ቅጂ ነው የሚያጫውተው፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እኔ ግን ምክሩ ያለ ነገር እንዳልመጣ አውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ በዓል ላይ ጎረምሶች የሴት ልጅ ሻሽ ነጥቀው እየተቀባበሉ ሲስቁ፣ ዳር የቆምነው ትልልቆች ዝም ብለን አይተናል።

የዞኑን ትርኢት እንዲያሰናዳ የተመረጠው ደረጀ የሚባል የባህል ባለሙያ ነው። ከሚሴ ተወልዶ ያደገ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚቀናው ትጉህ ሰው ነው። አንድ አይሱዙ አስጌጠ፤ ከኋላው ምንጣፍ አነጠፈና የዱዓ መቀመጫ አስመሰለው። ወጣቶች ነጭ ለብሰው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ በፊታቸው ጫት ተብሎ የተዘረጋው የሎሚ ቅጠል ነው። መሐል ላይ ጥምጥም አድርገው የሚቆሙት ደግሞ አያ አብዱልጀሊል እንዲሆኑ ጠየቃቸው። እንግዳ የሚመጣበት ቀን ነው፣ አገራችንን ያሳዩልን ሲላቸው እምቢ ማለት ከበዳቸው።

በልምምዱ ቀን መኪናው ላይ ወጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ደረጀ አስቆማቸው። ዱዓው አስቀድሞ ተቀርጿል፣ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል አላቸው።

"እርስዎ እጅዎን ያነሡና ከንፈርዎን ያንቀሳቅሳሉ፤ በቃ።"

"ምን እያልኩ?"

"ምንም አይበሉ አያ። ትርኢት'ኮ ነው።"

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይህን ነገር ሲያብሰለስሉ ነበር። መጀመሪያ ቅር አላቸው። ኋላ ግን ከፊታቸው የሚሄደው መኪና ላይ ልጃገረዶች እንደሚጨፍሩ፣ ከኋላቸውም ከበሮ እንደሚመታ አሰቡ። በዚያ መሐል የአላህን ስም መጥራት ነውር ነው አሉ ለራሳቸው። ዱዓ የጨዋታ ማጀቢያ አይሆንም። እንግዲያው ደረጀ ሳያውቀው መልካም ነገር ነው ያለኝ፤ እጄን ላንሣላቸው፣ ስሙን ግን ከጨዋታው ላውጣው። ይህን ሲወስኑ ቀለላቸው፤ አላህንም አመሰገኑ። ባለቤታቸው ረቢአ፣ ከንፈርህን ለማንቀሳቀስስ ምን ልትል ነው ብላ ስትጠይቃቸው ሳቁና የገበያ ስም እጠራለሁ አሏት። ሰንበቴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ፣ ጨፋ ሮቢት፤ ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው የተመላለሱበት ነውና አይጠፋቸውም።

የካርኒቫሉ ዕለት መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቶ ነበር። እኔም ከሱቄ ወጥቼ ከመስጊዱ ትይዩ ቆሜያለሁ። መገፋፋት አልጠፋም፤ አንዳንድ ጎረምሳም በመኪና ላይ ለመንጠልጠል ሲሞክር የሠፈር ሽማግሌ በከዘራ ጀርባውን ነካ አድርጎ ያወርደዋል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት አስተባባሪዎች ላብ በላብ ሆነዋል። የፊተኞቹ ጭፈራዎች እየደመቁ አለፉ። ቀጥሎ የእኛው አይሱዙ መጣ። ከድምፅ ማጉያው የተቀረጸው ዱዓ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ከበሮ ይውጠዋል። አያ አብዱልጀሊል በነጭ ጥምጥም፣ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆመዋል። ከሥራቸው የተቀመጡት ወጣቶች የሎሚ ቅጠሉን አፋቸው ውስጥ ከተው ኮምጠጥ ሲላቸው እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። አያ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ እስከዚያ ድረስ ነገሩ ለእሳቸውም ጨዋታ ነበር።

መኪናው ከመስጊዱ ፊት ሲደርስ የቀትሩ ሰላት፣ የዙሁር አዛን ተጀመረ።

ደረጀ ከፊት ሆኖ ሁለት እጁን አነሣ። ሙዚቃው ጠፋ፣ ከበሮው ቆመ፣ መኪኖቹ ሁሉ ባሉበት ሞተራቸውን አጠፉ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። አዛኑ አለቀ። ሙዚቃው ሰላት ቆሞ እስኪያበቃ ድረስ እንዳይከፈት አስቀድሞ ተነጋግረው ስለነበር ዝምታው ቀጠለ። እንግዲህ ከአዛኑ በኋላ ሰላቱ ሊቆም ኢቃማ እስኪባል ያለችው ጊዜ ምን እንደሆነች ሙስሊም ሁሉ ያውቃል። በዚያች መሐል የተደረገ ዱዓ አይመለስም ተብሎ ተምረናል።

ሕዝቡም ቀና ሲል በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ከሁሉ ከፍ ብለው ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየ።

መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ያሉት መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት። ከዚያ መንገዱ በሙሉ። ባርኔጣ ወለቀ፤ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ የነበረ ወጣት ስልኩን ኪሱ ከቶ እጁን ዘረጋ፤ አስተባባሪዎቹ ዘረጉ። ከሩቅ ክልል የመጡት ጨፋሪዎች ነገሩ ባይገባቸውም ዙሪያቸውን አይተው እነሱም ዘረጉ። ማንም አልገፋ፣ ማንም አልሳቀ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ሰው ስለሚያውቅ ባይሰማም አልተገረመም፤ ከንፈራቸው ባረፈ ቁጥር ሕዝቡ አሚን ይላል። እኔም ብያለሁ። ምን ብዬ እንደለመንኩ ለራሴ ይቅር። ብቻ በባጃጅ ሥርዓት ያዙ ስንባል የሰነበትን ሰዎች ያን ያህል ሥርዓት ከየት እንዳመጣነው ሳስብ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አያ አብዱልጀሊል ግን ሰንበቴ ነበር የሚሉት። ባቲ ነበር የሚሉት።

ለምን ያን ጊዜ እውነተኛውን አልጀመሩም ብዬ በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ። እንዲህ አሉኝ፦ "ለማስመሰል ያነሣሁትን እጅ በዚያው ለልመና ላውለው ብል ከአላህ አፈርኩ። ላወርደው ብል ደግሞ ከሰዉ አፈርኩ። ከንፈሬ ያውቀው የነበረውን ብቻ ማለቱን ቀጠለ።" ከመኪናው ሥር ጥቁር ሻሽ የተከናነበች ሴት ነበረች። ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሕዝቡ አሚን ብሎ ካበቃ በኋላ ለብቻዋ አንድ አሚን ትጨምራለች። እሳቸውም እሷን ላለማየት ቀና ብለው ወደ ሚናራው ሲመለከቱ ኢቃማው ተባለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው በሙሉ የሚያወራው ያንኑ ነበር። እጁን ሳይዘረጋ ቀርቶ የቀረጸ ሰው አልጠፋም መሰለኝ፣ ቪዲዮው በየስልኩ ተዛመተ። አያ አብዱልጀሊል መስጊድ ሲገቡ ሰው እየተሻማ እጃቸውን ይስማል፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ይሸሽጋሉ። ሰውም ትሕትና ነው ብሎ ይበልጥ ያከብራቸዋል። አንዱ ወጣት ቪዲዮውን ሊያሳያቸው ስልኩን ሲያቀርብላቸው፣ ሁሉም ዱዓ የሚያነብበት ከንፈር ለእሳቸው ባቲ ሲል ታያቸው። ገበያ መውጣት ተዉ። ረቢአ የገመድ ትብትቡን ከበሩ ኋላ አንጠልጥላው ሰነበተች።

በመጨረሻ ደረጀ ዘንድ ሄዱ። ደረጀ ወንበር አቀረበላቸው፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። እንግዶቹ የከሚሴን ሕዝብ ጨዋነት አውርተው እንዳልጠገቡ፣ እንደዚያ ያለ ሥርዓት የትም አላየንም ማለታቸውን ነገራቸው።

"ደረጀ፣ እኔ'ኮ ምንም አላልኩም" አሉት።

ደረጀ ሳቀ። "ምንም አይበሉ ያልኩዎት እኔው አይደለሁ?"

እሳቸው አልሳቁም። ደረጀም ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመ። ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አድርጎ፣ "እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር" አለ። "ከንፈር ብቻ ብዬ ያሰለጠንኩዎት ሰውዬ፣ እዚያ ስቆም ረሳሁት። እናቴ ወለተገብርኤል ታማለች። ለእሷ ብዬ አሚን አልኩ።"

አያ አብዱልጀሊል ለሰው እንናገር ወይ ብለው ጠየቁት። ደረጀ ለማን ብለን፣ ለከተማው በሙሉ ወይ አላቸው። አያም ከወንበሩ ተነሡ። ሲወጡ ደረጀ እስከ በሩ ድረስ ሸኛቸው፤ የተለመደውን ምርቃት ግን አልጠየቃቸውም።

ጥቂት ሰንብቶ፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት እንዳበቃ፣ ያቺ ጥቁር ሻሽ የተከናነበችው ሴት ቤታቸው መጣች። አሻ ትባላለች፣ ከጨፋ ናት። በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀለች ሰላምታ አቅርባ፣ በቅል ይዛ የመጣችውን ቅቤ በረቢአ ፊት አስቀመጠች። ምስጋና ለማቅረብ ነው የመጣሁት አለች። ልጇ ኢማን ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር በጅቡቲ በኩል ወጥታ፣ ነገ ጀልባ ልሳፈር ነው ብላ ከደወለች ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። አሻ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። የካርኒቫሉ ቀን ግን የመጣችው ልታይ አልነበረም፤ መንገድ ተዘግቶባት ነው የቆመችው። ያችን ሰዓት አላህ ለእኔ ብሎ ያዘጋጃት መሰለኝ አለች። "ያን ያህል ሕዝብ ለልጄ አሚን አለላት። ከዚያ ወዲህ እተኛለሁ።"

አያ አብዱልጀሊል ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ረቢአ ተከተለቻቸው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ከፊታቸው አንብባለች። በሹክሹክታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ተዋት" አለቻቸው። "ያገኘችው እንቅልፍ ብቻ ነው። ለአንተ እንዲቀልልህ እሷን ልታስነቃት ነው?"

ይህን ሲነግሩኝ ረቢአ ልክ ነበረች አሉኝ፤ እስካሁንም ልክ እንዳልነበረች ማስረዳት አልችልም አሉ። ግን ያ ቅቤ ወደ ቤታቸው ገብቶ በእሱ የተሠራ ወጥ ሲበሉ ታያቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ እናት ትመጣለች፤ እሷም ታመሰግናቸዋለች። ወደ ውጭ ተመለሱና ከፊት ለፊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

"አሻ፣ እኔ ያን ቀን ዱዓ አላደረግሁም።"

እሷ ፈገግ አለች። አላህ የተቀበለው ሰው እንዲህ ነው የሚለው አለች።

"አይደለም። ትርኢት ነበር። የገበያ ስም ነው የጠራሁት፤ ሰንበቴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ።"

ረቢአ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አሻ ወደ አንዱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው አየች። ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ቦታ እንዳጣ ነገር ቆየና ወደቀ።

"እኔ ኢማን ስል፣ አንቱ ባቲ ይሉ ነበር?"

"አዎን።"

"ባሕር ላይ ያለች ልጅ'ኮ ናት።"

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ደግሞ ከንፈሬ እንዳይንቀሳቀስ ፈራሁ አሉኝ። አሻ ልትሄድ ተነሣች። ሻሿን አጠበቀች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። እንደገና ተቀመጠች። የተቀመጠችው በእንግዳ ቦታ አልነበረም፤ ከምንጣፉ ራስ፣ እሳቸው ሁልጊዜ ዱዓ ሲያደርጉ ከሚቀመጡበት ነው።

"መዳፍህን ዘርጋ" አለቻቸው። አንቱታውን ትታዋለች። "እኔ ልለምን፣ አንተ አሚን በል። ጮክ ብለህ በል፣ ልስማህ።"

ዘረጉ። ረቢአም ዘረጋች። አሻ ዱዓ የማድረግ ልማድ የላትም፤ እንደመጣላት ነው የለመነችው። ገሚሱን በኦሮምኛ፣ ገሚሱን በአማርኛ፣ የባሕሩን ስም ስለማታውቀው ያ ትልቁ ውኃ እያለች፣ ልጇ የለበሰችውን ቀሚስ ቀለም ጭምር ለአላህ እየነገረች፤ አረንጓዴ ነው፣ እጅጌው ላይ ተጥፏል፣ እንዳትስታት ትል ነበር። አያ አብዱልጀሊል በየእረፍቷ አሚን ይላሉ። አንድ ጊዜ ድምፃቸው በለቅሶ ሲታፈን ቆማ ጠበቀቻቸው፤ አልሰማሁህም አለች። ደግመው አሚን አሉ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔም ከቤታቸው አጠገብ ባለው ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰማሁና ምን እንደሆነ ሳላውቅ እጄን ከሚዛኑ አንሥቼ ዘረጋሁ።

ስትጨርስ ፊቷን በመዳፏ አበሰች። ከዚያ የቅቤውን ቅል አንሥታ በክንዷ ሥር አደረገች። ረቢአ ደንግጣ ታያታለች።

"ይሄንን ኢማን ስትደውል አመጣዋለሁ" አለች አሻ፤ በሩ ላይ ደርሳም ዞር ብላ፣ "እስከዚያ በየጁምዓው እየመጣሁ አሚን አሰኝሃለሁ" አለቻቸው።

ይህን ስጽፍ ኢማን ገና አልደወለችም። አሻ ግን አንድም ጁምዓ አልቀረችም። ባለፈው ጁምዓ ደረጀ እናቱን በባጃጅ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እማማ ወለተገብርኤል ነጠላቸውን ተከናንበው ከረቢአ ጎን ተቀመጡ። የምትለምነው አሻ ናት። አያ አብዱልጀሊል ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ዝቅ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ቀና በሉ እንጂ አያ ብዬ ብነግራቸው፣ ገና ነኝ አሉኝ።